የመረጠ ይቀመጣል

«እሱ ነው የመረጠው ብዬ እነግራቸዋለሁ። ይቀመጥባት እንግዲህ፤ እኔ አልቀመጥባትም።»

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው። ግድግዳ ይባል እንጂ እንኳን ወሬ ትንፋሽ የማያስቀር ስስ ጣውላ ነው፤ ከወዲህ አማችና ሚስቱ ከሕፃን ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ ከወዲያ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ከነባለቤቱ። አማች ጫማውን ሊያስር አጎንብሶ ነበር፣ እንዳጎነበሰ ቀረ። ሚስቱ ለልጅቷ ዳቦ በሻይ እያራሰች ነበር፣ ማንኪያውን ኩባያው ውስጥ ትታ ቀና አለች። ተያዩ። ከወዲያ በኩል የወንድምየው ሚስት የሆነ ነገር አንሾካሾከች። እሱ «ምን ይሆናል፣ ባዶዋን አይደል የምትወርደው» ብሎ መለሰላት፣ በር ተዘጋ፣ እርምጃው ግቢውን አቋርጦ ወደ ጋራዡ ሄደ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ምንም እንዳልተፈጠረ ዳቦዋን የምትጠይቀው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

አማች ስሙ አይደለም። ሰውየው እንደማንም ሰው ስም የወጣለት ነው፤ ግን የጋራዡን ባለቤት ልጅ አግብቶ ግቢው ከገባ ወዲህ ሠራተኛውም ደንበኛውም አማች ብሎ ጠራው፣ እሱም አቤት እያለ ኖረ። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ነገሩ ቀልድ ነበር። እሳቸው ሞተው ጋራዡም ግቢውም በታላቅ ልጃቸው እጅ ሲገባ ቀልዱ እየመረረ ሄደ፤ አሁን እዚህ ቤት አማች ማለት በሰው ጣሪያ ሥር የሚያድር ማለት ሆኗል። ታላቅ ልጃቸውን ሁሉም አለቃ ይለዋል። አለቃ ክፉ ነው ለማለት ይከብዳል። ቃል መስጠት የሚወድ፣ የሰጠውን ማጠፍ ደግሞ ሞት የሚመስለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው አንዳንዴ ከክፉው ይብሳል።

ሽማግሌው ትተውት የሄዱት አንድ ሕግ አለ። ሞተር የተቀየረላት መኪና መጀመሪያ ቁልቁለት ስትወርድ፣ ለአዲሱ ሞተር ካምቢዮ የመረጠለት ሰው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ሞተሩን ማንም ያየዋል ይሉ ነበር። ጉልበቱን ተቀብሎ ወደ ጎማ የሚያደርሰው፣ ቁልቁለት ላይም መኪናዋን እንደ ልጓም የሚይዛት ካምቢዮው ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ እንደማይስማሙ ባልና ሚስት ናቸው፣ ጉዳቸው የሚወጣው ቤቱ እንግዳ የሞላ ቀን ነው። «የመረጠ ይቀመጣል» ይሉና፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ «እጅ የሚጠነቀቀው ቂጥ ሲፈራ ነው» ብለው ይጨምሩበት ነበር። ደንበኛ ስንት ጋራዥ አልፎ እነሱ ዘንድ የሚመጣው ይህን ሰምቶ ነው። አለቃም ከአባቱ ሞት በኋላ ሳይቀመጥ የቀረበት ቀን የለም። አማች ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ የቀረው ለዚህ ነው፤ አለቃ አልቀመጥም ካለ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

መኪናዋ የእማማ ጡሩምባ ሚኒባስ ናት። እማማ ጡሩምባ የሰፈሩን ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ ሴት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በየደጁ ቆመው ጡሩምባቸውን ሲያንባርቁት ልጆቹ ያወጡላቸው ስም ነው። በእረፍቱ ወራት የሚኒባሷ የቤንዚን ሞተር ነፍሱ ወጣ። አለቃ ደህና የናፍጣ ሞተር አገኘላቸውና «ትምህርት ሳይከፈት ትደርሳለች፣ በእኔ ይጣሉት» ብሎ ቃል ሰጠ። ሞተሩ የመጣው ከነራሱ ካምቢዮ ነበር፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ለዚያ ጉልበት የተሠራ። ችግሩ እሱን ለመግጠም የሚኒባሷ ወለል መቆረጥ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውም ዘንግ ማጠር ነበረበት፣ ይህ ደግሞ ሳምንታት ይበላል። የሚኒባሷ አሮጌ ካምቢዮ ቦታውን ያውቃል፣ ወለል አያስቆርጥም፤ ጥፋቱ ለደካማው ሞተር የተሠራ መሆኑና የቡሎን ቀዳዳዎቹ ከናፍጣው ጋር አለመገናኘታቸው ነው። አለቃ ሁለቱን ጋራዡ ወለል ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ ብዙ ቆመ። ከዚያ አሮጌውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ይሄ» አለ። ቶርኖ ቤት የጣት ውፍረት ያለው ብረት ተቆረጠና ሁለቱን ለማጋባት መሀላቸው ገባ። ቡሎኖቹን ያጠበቀው አማች ነው። ካምቢዮውን ወደ ሞተሩ ሲገፋው ጫፉ እንደወትሮው ጠበቅ ብሎ አልገባለትም፤ ሰፊ ጫማ ውስጥ እንደገባ እግር ላላ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚባለው ያን ጊዜ ትዝ ብሎት ነበር፤ አለቃ ግን ራስጌው ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበርና ቀጣዩን ቡሎን አነሳ።

«ሰማህ አይደል?» አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ።»

«አትቀመጥ ታዲያ። ወገቤን ይዞኛል በልና ተኛ።»

«እሺ እኔ ልተኛ። ነገ ጠዋት የሚሳፈሩት ልጆችስ?»

ሚስቱ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ አልጋቸውን፣ በሩ የማይገጥመውን ቁም ሣጥን፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣውን የልጅቷን ልብስ። ከዚህ ውጪ የእኔ የሚሉት ጥግ የላቸውም። «ለሰው ልጅ ክፉ አይምጣበት፤ እኔ ያለኸኝ ግን አንተ ነህ» አለች በመጨረሻ። «ብትናገርም የምናድርበትን አስበህ ተናገር። ወንድሜ ነው፣ አውቀዋለሁ። አፈረ ማለት አበደ ማለት ነው።» አማች ልጁን ግንባሯ ላይ ስሞ ወጣ።

ጋራዡ ውስጥ ሚኒባሷ ታጥባ፣ መስታወቷ ተወልውሎ፣ ለሙሽራ እንደተዘጋጀች ቆማለች። የአለቃ ፊት ዛሬ ፀሐይ ሆኗል። አማችን ባየ ጊዜ «ና ሻይ ጠጣ» ብሎ በገዛ እጁ ቀዳለት፤ በዚህ ግቢ ውስጥ አለቃ ለሰው ሻይ ሲቀዳ የታየው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። አማች ብርጭቆውን ተቀበለና ሳይጠጣው አስቀመጠው። የሚኒባሷን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። መቀመጫዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ አንዱ ጀርባ ላይ በጥፍር የተጫረ የፈገግታ ፊት አለ፣ ሌላው ሥር የደረቀ ማስቲካ። ሞተሩን አስነስቶ እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ። ብረቱ መዳፉ ሥር ብርድ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። አጠፋው። ዓይኑን ጨፈነ። በሐሳቡ ቁልቁለቱን አየው፤ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጎን ጀምሮ በሱቆቹ መሀል እያለፈ ታች አደባባዩ ድረስ የሚወርደውን ረጅም መንገድ። ከዚያ ወንበሮቹ በልጆች ተሞልተው አያቸው። ወዲያው ዓይኑን ከፈተ።

«ቡሎን ላምጣ» ብሎ ወጣ። ቡሎን አልጎደለም። የሄደው ቶርኖ ቤት ነው። የቶርኖው ባለሙያ ብረቱን የቆረጠው ሰውዬ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የብረት ፍቅፋቂ እግሩ ሥር ተቆልሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል፣ ከማሽኑ ጋር ሲጯጯህ ኖሮ ድምፁ ትልቅ የሆነ ሰው። አማች ስለዚያች ብረት ሲጠይቀው ማሽኑን አጠፋ፤ ማሽኑን ለወሬ ማጥፋት ልማዱ አይደለም።

«የታዘዝኩትን ነው የቆረጥኩት» አለ ገና ሳይከሰስ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ግን ስገጥመው ላላብኝ።»

«ይላላል እንጂ! ብረቱ መሀል ሲገባ ካምቢዮው በጣት ውፍረት ወደ ኋላ ሸሸ። የዘንጉ ጫፍ ሞተሩ ውስጥ ማረፍ ያለበት ቀለበት አለ አይደል? አሁን እዚያ ላይ በጥፍሩ ነው የቆመው። ረዘም ያለ ቀለበት ልሥራልህ አልኩት ለአለቃችሁ። ቀን የለኝም አለኝ፣ ይዞ ሄደ።»

«ነግረኸዋል ማለት ነው።»

«እዚሁ አንተ የቆምክበት ቆሞ።»

አማች የቆመበትን መሬት አየው። «በጥፍሩ ቢቆምስ ይችላል?»

«ባዶዋን ትችል ይሆናል። ለጥቂት ቀንም ትችል ይሆናል።»

«ሞልታ፣ ቁልቁለት ላይ?»

ባለሙያው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ እንዲህ ያለውን አትጠይቀኝ» አለና ማሽኑን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ቢጯጯሁም አይሰማሙም ነበር፤ አማች ባዶ እጁን ተመለሰ። መንገድ ላይ በእያንዳንዱ መኪና ጡሩምባ እየደነገጠ፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ያሰላ ነበር። «ጋሼ፣ ቶርኖ ቤት ሄጄ ነበር» ቢል? ማን ላከህ ይባላል። «ጋሼ፣ ጠዋት በግድግዳው ሰማሁ» ቢል? ያ የባሰ ነው፤ በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ሰዎች መሰማማትን ይችላሉ፣ ሰማሁህ መባባልን ግን አይችሉም። ግቢው በር ሲደርስ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ አልቆበት ነበር።

ምሳ የሚበላው በአለቃ ክፍል ነው፣ ሁሉም ባንድ ጠረጴዛ። ሾርባና ዳቦ ነበር። ሌላ ቀን ስለ ዘይት መወደድ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ይወራል። ዛሬ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። አማች ሳህኑን ያያል፣ ሚስቱ እሱን ታያለች፣ የአለቃ ሚስት ማንንም አታይም። ይቺ ሴት አማችን ወድዳው አታውቅም፤ ዛሬ ግን ትልቁን ዳቦ እሱ ፊት አደረገች፣ ሾርባም ደገመችለት። ለሚታረድ በግ ሣር እንደመስጠት ነው ብሎ አሰበ አማች፣ የዳቦውም ጣዕም ጠፋው። አለቃ ድንገት «ልጅቷ ጥርስ አወጣች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ጥርስ ካወጣች ከርማለች። «አዎ ጋሼ» አለች እህቱ።

እማማ ጡሩምባ ከሰዓት በኋላ መጡ። ለመኪናቸው ክብር የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ በብብታቸው የሾፌር ወንበር ላይ የሚያነጥፏትን ትንሽ ትራስ ይዘዋል። ሚኒባሷን ዞረው አይተው፣ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ «በሉ እንውረድ፣ የሚቀመጠው ይቀመጥ» አሉ። አለቃ ክንዱን አማች ትከሻ ላይ ጣለ። ክንዱ ይከብዳል።

«በዚህኛው ሥራ እኔ እጄን አላስገባሁም። ካምቢዮውን የመረጠው አማች ነው፤ እሱ ይቀመጣል።»

አማች አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፣ ይህን እግዜር ያውቃል። ግን ከአለቃ ትከሻ በላይ ሚስቱ ልጃቸውን አዝላ በራፉ ላይ ቆማ ታየችው፣ ከኋላዋ ያቺ አንድ ክፍላቸው። «አማች?» አሉት ሴትየዋ። «አቤት» አለ፤ ይህን ቃል ለዓመታት ሲለው ስለኖረ ምላሱ ሌላ መንገድ አያውቅም። በሩን ከፍቶ ተቀመጠ።

እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው። ከዚያ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች ሲደፋ አማች በግራ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። ከኋላቸው ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ የተንጠለጠሉት ቀበቶዎች ቅጭልጭል ይላሉ። ሴትየዋ ማርሽ ቀነሱ። የማርሹ መጨበጫ ተንቀጠቀጠ፣ ከወለሉ ሥርም አንዳች ነገር ጥርሱን አፋጨ። «ምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ። «አዲስ ነው እትዬ፣ ይለምዳል» አላቸው አማች፣ ከገዛ አፉ የአለቃ ድምፅ ሲወጣ ሰምቶ ራሱን ፈራው። ፊት ለፊታቸው አንድ ሰው የፍራፍሬ ጋሪ ይገፋል፣ ሁለት ሴቶች ጃንጥላ ይዘው ይሻገራሉ፣ ሁሉም የሚያምኑት ይህቺ መኪና ትቆማለች ብለው ነው። መፋጨቱ ጨመረ። አማችን ላብ አጠመቀው፤ ዓይኑ የእጅ ፍሬኑ ላይ ተተክሎ፣ ካምቢዮው ቢለቅ መቼ እንደሚጎትተው፣ የትኛው ግንብ ላይ ቢያስጠጓት ሰው እንደማይጎዳ እያሰበ ወረደ። ልጁን አሰበ። አባትሽ አቤት ብቻ እያለ የኖረ ሰው ነበር ብለው ይነግሯት ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያ መንገዱ ተስተካከለ፣ አደባባዩ መጣ፣ ሴትየዋ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገው አቆሙ። ካምቢዮው ሳይለቅ ደረሰ።

እማማ ጡሩምባ ሞተሩን አጥፍተው በረጅሙ ተነፈሱና ሳቁ። «ሌላ ጋራዥ በርካሽ እንሥራልሽ ብለውኝ ነበር፣ ታውቃለህ? እናንተ ዘንድ የመጣሁት የመረጠ ይቀመጣል ስለተባለ ነው። የሰው ልጅ አደራ ነው ወንድሜ። የራስህን ነፍስ ይዘህ ከተቀመጥክባት፣ እኔም ነገ ልጆቹን በአንተ አምኜ እጭናለሁ።»

በአንተ አምኜ አሉ። አማች እስካሁን የፈራው መሞትን ነበር፣ ከዚያም ከቤት መባረርን፤ ይህ አዲስ ፍርሃት ግን ከሁለቱም ይብሳል። ካምቢዮው ሳይለቅ ደርሷልና ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ነገም ከነገ ወዲያም ዝም ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ጡሩምባዋን እየሰማ፣ ደግሞ የማይሰማባትን ጠዋት እየጠበቀ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣመራቸው።

«እኔ አልመረጥኩም፣ እትዬ።»

«ምን አልከኝ?»

«ካምቢዮውን እኔ አልመረጥኩትም። የመረጠው ሰው እላይ ጋራዡ ቀርቷል።»

ከዚያ በኋላ ቀሪው በራሱ ወጣ፤ ሁለቱ ካምቢዮዎች፣ ብረቱ፣ በጥፍሩ የቆመው ዘንግ፣ የቶርኖው ባለሙያ ማስጠንቀቂያ። ይጮሁበታል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ አልጮሁም። ትራሳቸውን ከሥራቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ልጅ አለህ?»

«አለችኝ።»

«ትጭናታለህ በዚህች?»

«አልጭናትም።»

ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወርደው ከመንገድ ዳር ድንጋይ ፈልገው ከጎማዎቹ ሥር አስገቡ፣ አማችም ረዳቸው። በሩን ቆልፈው ቁልፉን በጡታቸው ሸጉጠው፣ «ና እንሂድ» አሉት። ሽቅቡን በእግር ተያያዙት። እሳቸው ያለከልካሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ፤ በየመሀሉ በስልክ ለአንድ ወላጅ «ነገ አልመጣም፣ ለሌሎቹም ንገሪልኝ» ሲሉ ተሰሙ።  አማች አለቃ ምን እንደሚለው አስቀድሞ ይሰማው ነበር፤ ባንዳ፣ በላተኛ፣ ያጎረሰውን እጅ የነከሰ። ጥግ ጥጉን እየሄደ መልስ ያዘጋጅ ነበር፣ አንዱም አልጥመው አለ።

የግቢው በር ላይ አለቃ ቆሟል፣ ጎኑ እህቱ ልጅቷን ታቅፋ። ከሩቅ ሁለት ሰዎች በእግር ሲመጡ፣ መኪና ሳይኖር፣ አዩ። አለቃ ዓይኑን በእጁ ከልሎ አየ፣ ከዚያ ሮጠ። ያን ያህል ሰውነት ይዞ ሲሮጥ ታይቶ አያውቅም። አጠገባቸው ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል፣ የአማችን ክንድ ጨብጦ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

«ተረፋችሁ?» አለ።

እማማ ጡሩምባ ቀጥ አሉ። ገና ማንም ምንም አልተናገረም።

«ከምኑ?» አሉት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አለቃ እጁን ከአማች ክንድ ላይ አነሳ፣ የት እንደሚያደርገውም ጠፋበት። እህቱ ቀስ ብላ ደረሰች፣ ቃሉን ሰምታዋለች። ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ልጅቷን ለባሏ አቀበለችው፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገብታ ከአልጋው ሥር ሻንጣውን መጎተት ጀመረች።